ኮራጁ ሳጥን

እኔ ዘንድ ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ቆማ ስትለካ ዓይኗ ሥራ ይፈታል። ዞር ዞር ብላ መጨረሻ ላይ መደርደሪያዬን ታያለች፣ ከክሮቹ ጎን የተቀመጠውን ጥቁር ሳጥን። «ሬዲዮ ነው?» ትለኛለች። አይደለም። «ታዲያ ምንድን ነው?» የወንድሜ ነው እላትና ክንድሽን አንሺ ብዬ ደረቷን እለካለሁ። አፍ የሌለኝ እንዳይመስላችሁ። አፍስ ሞልቶኛል፣ ሰፈሩ ይመስክር። ይሄ ነገር ግን ሜትር አንገት ላይ አንጠልጥለው የሚያወሩት አይደለም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ወንድሜ ጊታር ተጫዋች ነበር። ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ወላጆቻችን ተከታትለው ሲሞቱ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እናትም አባትም የሆነኝ እሱ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ጓንቱ» ይሉታል። ሙቀት ሆነ ብርድ፣ እጁ ላይ ጓንት አይጠፋም ነበራ! ጣቶቹን እንደ እንቁላል ነው የሚጠብቃቸው። ቆርቆሮ አይከፍትም፣ ሽንኩርት አይልጥም፣ በር እንኳን የሚዘጋው በክርኑ ነው። «የምንበላው በነሱ ነው እኮ» ይለኛል። «የኔዎቹስ? መርፌ መሰኪያ ናቸው?» እለዋለሁ። ይስቃል። በዕድሜው ሙሉ ሽንኩርት የላጠልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱን ቀን እደርስበታለሁ።

ይሠራ የነበረው ትልቅ የዳንስ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው መድረክ ላይ፣ እዚያው ጥግ፣ ከዚያው አምፕ ጋር። አምፕ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ትንኝ አያባርርም፤ ድምፁ የሚወጣው ገመዱ ከተሰካበት ሳጥን ነው። ያ የአዳራሹ ሳጥን ቁመቱ እስከ ወገቤ ይደርሳል፣ ከኋላው የሚግሉ ቱቦዎች አሉት፣ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ ንቅንቅ አይልም። ወንድሜ «ድምፄ» ሲል ጉሮሮውን ማለቱ አልነበረም። ከዚያ ሳጥን የሚወጣውን፣ ሻከር ያለውን፣ ጉንፋን ይዞት ገና የተሻለው ሰው የሚመስለውን ድምፅ ማለቱ ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ሲሰማው «ጓንቱ ጀመረ» ይል ነበር አሉ። አሉ ነው የምለው። እኔ አዳራሹ የሄድኩት ቢበዛ አምስት ስድስት ጊዜ ነው፣ እሱም የዘፋኞቹን ቀሚስ ላደርስ። ዚፑን አይቼ፣ አስረክቤ፣ እመለሳለሁ። የስፌት መኪናዬ ጩኸት ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ አዳራሹ ተሸጠና መጋዘን ሆነ። አምፑ የአዳራሹ ንብረት ስለነበር ከወንበሩና ከመጋረጃው ጋር ተጭኖ ሄደ። ወንድሜና ጓደኛው ሲፈልጉት ሁለት ወር ከረሙ። ጓደኛው የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ነው። «ዝሆኔ» ነው የምንለው። በር ላይ ሲቆም ብርሃን የሚከለክል ሰው ነው፣ ልቡ ግን የጫጩት። በመጨረሻ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ቱቦዎቹን ነቅሎ እንደሸጣቸውና እንጨቱን እንደፈለጠው ነገራቸው። ወንድሜ ያን ቀን ቤት ገብቶ ጓንቱን እንኳን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «ፈለጡት እኮ» አለኝ። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? «ሳጥን አይደል እንዴ፣ ሌላ ትገዛለህ።» የኔ ማጽናናት ይሄ ነው።

በዚያ ላይ ጆሮው። ግራው ድሮ ሄዷል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ከበሮው ያለው በዚያ በኩል ነበር። ቀኙ ደግሞ በዚሁ ዓመት ይሸሸው ጀመር። ስልክ ይጠራል አይሰማም፣ በር ይንኳኳል አይሰማም። የጆሮ ሐኪሙ ዘንድ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና «ስድስት ወር፣ ቢበዛ ዓመት» አለ። መሣሪያ ቢደረግለትስ? አልኩ። ነርቩ ነው እያለቀ ያለው፣ ብዙም አይረዳውም አለኝ። ስንወጣ ወንድሜ ደረጃው ላይ ቆመና «ሳልደነቁር ድምፄን ማግኘት አለብኝ» አለ።

«ለምን? ከዚያ በኋላ ላትሰማው?» አልኩት። አያችሁ አፌን?

አልተቆጣም። «እኔ ባልሰማው ምን አለበት? መኖሩን ካወቅኩ ለኔ ጣቶቼ ይበቁኛል። የሚሰማ ሰው ይሰማዋል» አለኝ።

በሳምንቱ ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ይዞኝ ሄደ። ሻጯ ጥፍሯን ሰማያዊ የተቀባች፣ ትዕግሥት የሞላት ልጅ ናት። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጥቁር ሳጥን አወጣች፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል። እኔ የሳቅሁት ሳቅ! «ይሄ ልጁ ነው እንዴ? አባቱ የት አለ?» አልኳት። «ሞዴሊንግ አምፕ ይባላል» አለች ሳትቀየመኝ። «ለቤት ልምምድ ነው የተሠራው። ውስጡ ብዙ ዓይነት አምፕ አለ፣ ማለቴ ድምፃቸውን ይኮርጃል። ይሄን ሲያዞሩት የድሮ የቱቦ አምፕ ይሆናል፣ አሁን ደግሞ ጥርት ያለው፣ ይሄኛው ኤኮ ነው፣ እንደ ገደል ማሚቶ። የጆሮ ማዳመጫ ከሰኩበት ጎረቤት አይረበሽም። የወደዱትን ድምፅ ሲያገኙ ከነዚህ አራት ቁልፎች አንዱን ተጭነው ይያዙት። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ካለ ተቀመጠልዎት ማለት ነው። ከርካሾቹ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የለም።»

ወንድሜ ሁሉንም አልሰማም፤ እኔ ጆሮው ሥር እየጮህኩ ደገምኩለት። «አራት ድምፅ ይይዛል ነው የምትለው?» አለ። «አዎ።» «እኔ የምፈልገው አንድ ነው» አለና ሳጥኑን አቀፈው።

ቤት ስንደርስ ስም አወጣሁለት። ኮራጁ። ትምህርት ቤት ከጎኔ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ፈተና ላይ የኔን ሁሉ ትገለብጥና ስሜንም ጨምራ ጽፋ የተያዘች። እሷን አስታወሰኝ። ወንድሜ ስሙን ሲሰማ ሳቀ። «ኮርጆ የኔን ካመጣልኝ እኔ ራሴ አስኮርጀዋለሁ» አለ።

የፊት ክፍሉ የስፌት ቤቴ ነው። እሱ መስኮቱ ሥር ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ይቀመጥና ደህና ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ያዞራል። አንዷን ማዞሪያ ትንሽ ወደዚህ፣ አንዷን ትንሽ ወደዚያ። ከዚያ ትንሽ ይመታል። ከዚያ ደብተር ላይ ይጽፋል። ደብተሩ ዛሬም አለ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «አይደለም»፣ «አይደለም»፣ «ቀርቧል»፣ «አይደለም» ነው። «ሁሉም የታጠበ ነው» ይለኛል። «ታጥቦ የተተኮሰ። የኔው ሻከር ይላል።» እንግዲህ ኮራጁ የሚያውቀው ፋብሪካ የሠራቸውን አምፖች ነው፤ የኛን ከየት አባቱ ያምጣው?

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ጆሮው ከዳው። «አሁንስ ሁሉም ነገር ውኃ ውስጥ ሆኖ ነው የሚሰማኝ» አለኝ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ ስሚልኝ። ይሄን ያህል ዓመት ሰምተሽው የለ? ስትሰሚው ታውቂዋለሽ።» አርባ ዓመት አልፎኛል፣ ለሱ ግን አንቺ ልጅ ነኝ። ያኔ ነበር ወንድሜ ይቅርታ አድርግልኝ፣ እኔ ድምፅህን አላውቀውም ማለት የነበረብኝ። እንዴት ብዬ ልበለው? ሃያ ስድስት ዓመት ያበላኝን፣ ያለበሰኝን ነገር አንድ ቀን ቆሜ አልሰማሁትም ይባላል? አፈርኩ። «እሺ» አልኩት።

ከዚያ ጀምሮ በቀን ሃያ ጊዜ «ይሄስ?» ነው። እጅጌ እየገጠምኩ «ይሄስ?»። ቁልፍ እየተከልኩ «ይሄስ?»። «አይመስለኝም» እለዋለሁ፣ ይመለሳል። መጀመሪያ አካባቢ ደህና ነበርኩ። ኋላ ኋላ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ፤ ሳልሰማ ነበር የምመልስለት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአንዲት ሙሽራ እናት እላዬ ላይ ቆማለች። ሰርጉ ነገ ነው፤ ቀሚሱ ወገቡ ጠቦ ተመልሶ መጥቷል፤ ሴትየዋ እግሯን መሬት ላይ ትጠበጥባለች። እኔ ስፌቱን እየተረተርኩ ነው። ወንድሜ ከመስኮቱ ሥር ትንሽ መታና «ይሄስ?» አለ። መተርተሬን ቀጠልኩ። እንደገና መታ። «ይሄስ? ልጅቷ፣ ይሄስ?» ሴትየዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀና ሳልል፣ መርፌው ከንፈሬ ላይ እንደተያዘ፣ «አዎ! ይሄ ነው! ራሱ ነው!» አልኩት። ጮክ ብዬ፣ እንዲሰማ።

ወደኔ ዞረ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ይሄ ነው አልኩህ እኮ!»

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው። ከአራቱ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭኖ ያዘ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ። ተነሥቶ መጣና፣ ሴትየዋ ፊት፣ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ሴትየዋን ሸኝቼ ብገባ ጓንቱን አውልቆ ሽንኩርት ይልጣል! በቢላ! እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ይስቃል። «ዛሬ አንቺ አርፈሽ ትቀመጫለሽ» አለኝ። ያን ቀን የበላሁት ምግብ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ነው ያለው።

ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነጋታው ሳየው በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ማዞሪያዎቹን ሳይነካ፣ አረንጓዴዋን ብቻ ተጭኖ ይጫወታል። ደብተሩን ከፍቼ አየሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ «ተገኘ» ይላል፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። እንዴት ብዬ ልንገረው? ከነገ ወዲያ አልኩ። ከነገ ወዲያም አለፈ። አራት ሳምንት ሳይሞላ ቀኝ ጆሮው ድርግም ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ብነግረውስ በምን ይፈልገው?

ወንድሜ መስማት ሲያቆም ያብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላበደም። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሥራ እንደሚገባ ሰው በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ጉልበቱን ሳጥኑ ላይ አስደግፎ ንዝረቱን እየተቀበለ ይጫወታል። ደንበኞቼ ያዳምጣሉ። «ያምራል» ሲሉት ከንፈራቸውን አይቶ ይረዳል፣ አንገቱን ይሰብራል። ይሄ ሰው ድምፁ ዓለም ላይ እንዳለ አምኗል፤ ያ ነው ያቆመው። እኔ ጊታሩን እንዳልሰማ ብዬ መኪናዬን በኃይል እረግጣለሁ። ባልሰማ የሚሻለኝ እኔ ነበርኩ።

በአምስተኛው ወር ዝሆኔ መጣ። ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። ወንድሜ አስቀመጠውና «እስቲ ስማ» አለው። አረንጓዴዋን ተጫነ። አዳራሹ ሲዘጋ ሁልጊዜ የሚጫወቷትን የመሰናበቻ ዜማ ጀመረ፣ ዓይኑን ከዝሆኔ ፊት ሳይነቅል። መስማት የተሳነው ሰው ፊት እንዴት እንደሚያነብ አትጠይቁኝ፤ ጥርስ ሐኪም እንደሚያይ ነው የሚያየው። ዝሆኔ አንድ አፍታ ፊቱ ደነገጠ። ከዚያ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ሳቀና ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን ቀሰረለት። ወንድሜ ደስ ብሎት ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

ልሸኘው ስወጣ ደረጃው ላይ ያዘኝ። «ይሄ የሱ ድምፅ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የሱ ነው ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰውነት ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሁሉን ነገርኩት፤ ሙሽራዋን፣ እናቷን፣ ሽንኩርቱን። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «እንፈልገዋለን» አለ። «እኔ ጆሮ አለኝ። እሱ ሳያውቅ እንፈልገዋለን።»

ወንድሜ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ለሁለት ሰዓት እግሩን ሊያፍታታ ይወጣል። እሱ ከቤት ሲወጣ ዝሆኔ ይገባል። እንደ ሌባ! በመጀመሪያው ማክሰኞ የቱቦዎቹን ዓይነቶች ሁሉ አዟዟራቸው። አይደለም። ሐሙስ ደብተሩን ይዘን «ቀርቧል» የሚሉትን አንድ በአንድ ሞከርን። አይደለም። እኔም መኪናዬን አቁሜ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ዕድሜ ልኬን ያላደረግሁትን።

በሁለተኛው ማክሰኞ ዝሆኔ ጊታሩን አስቀመጠና ላቡን ጠረገ። «የሚገርመኝ» አለ፣ «ድሮ እሱም ሲጀምር ድምፁ እንደማንም ነበር። ይሄንኑ ይመስል ነበር። መሻከር የጀመረው በሦስተኛው ዓመት ነው። አምፑ ከመኪና ላይ ከወደቀብን...»

ተያየን።

«ከወደቀባችሁ በኋላ?» አልኩት።

ሁለታችንም ረስተነው ነበር! ወንድሜ ያን ሳምንት ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነበር። ዝሆኔና የአዳራሹ ሹፌር አምፑን ለአንድ ሰርግ ወስደው ሲመልሱ ከመኪና ላይ ጣሉት፤ ውስጥ ያለው ድምፅ ማጉያ፣ የስፒከሩ፣ ድምፅ የሚያወጣው ወረቀት ተቀደደ። ጓንቱ ይገለናል ብለው ፈርተው፣ በጓሮ በር እኔ ዘንድ ይዘውት መጡ። ዝሆኔ ያኔም እንዲህ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከአንድ ጃኬት የተረፈ የገበር ቁራጭ አገኘሁና፣ ቀዳዳውን በቀጭን ክር ሁለት ሦስት ቦታ ጠቅ ጠቅ አድርጌ፣ በማጣበቂያ ለጠፍኩት። ማጣበቂያው ስላለቀብኝ አንዱ ጠርዝ ሳይያዝ ቀረ። «ይበቃዋል፣ ውሰዱልኝ» አልኳቸው። ወንድሜ ድኖ ሲመለስ ምንም አልነገርነውም። የመጀመሪያውን ቀን ተጫውቶ መጥቶ «አምፑ ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ፣ አፍ አወጣ» ያለኝ ትዝ ይለኛል። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

ዝሆኔ አፉን ከፍቶ ያየኛል። «ድምፁ አንቺ ነሽ እኮ» አለኝ።

«ዝም በል» አልኩት። የቁራጭ ከረጢቴን ዘረገፍኩ፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ቁራጭ አይጥልም። ያው ራሱ ገበር አልነበረም፣ ዓይነቱ ግን ነበር፤ ጥቁር ቀይ፣ ለስላሳ። የኮራጁን የፊት መሸፈኛ ፈታነው። ስፒከሩ የስኒ ማስቀመጫ ያህላል። ወረቀቱ አዲስ ነው፣ ምንም አልሆነም። መቅደድ ነበረብኝ። ብሳሳት ወንድሜ የያዛትን ያቺንም አጠፋበታለሁ። ዝሆኔ አላይም ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትንሿን መቀሴን ይዤ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ የጥፍሬን ያህል ቀደድኩ። ገበሩን ለጠፍኩ። አንዱን ጠርዝ ሆን ብዬ ሳልይዘው ተውኩት። እስኪደርቅ ጠበቅን። መልሰን ገጠምነው።

ዝሆኔ ማዞሪያዎቹን ዝቅ ዝቅ አደረገና የመሰናበቻዋን ዜማ መታ።

ወይ ጉድ! ቀጥ አልኩ። አውቀዋለሁ። ክንዴ ላይ የዘፋኟን ቀሚስ አንጠልጥዬ፣ የአዳራሹ ጓሮ ደረጃ ላይ፣ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ቆሜ አውቃለሁ። ለምን እንደቆምኩ ሳላውቅ ቆሜ፣ ከዚያ ሥራ አለብኝ ብዬ ሄጃለሁ። ለካ ሰምቼዋለሁ! ሰምቼው ጥዬው ነው የሄድኩት። ዝሆኔ እያለቀሰ ይመታል፣ እኔ እያለቀስኩ እሰማለሁ። አረንጓዴዋን ተጭኖ ያዘ። መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለች። ዕቃውን እንደነበረ መለስንና በጓሮ በር አስወጣሁት፣ እንደ ድሮው።

ወንድሜ ሲገባ እኔ መኪናዬ ላይ ነኝ። ጓንቱን አወለቀ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ገመዱን ሰካ፣ አረንጓዴዋን ተጫነ። ጀመረ። ዝሆኔ መታው ያልኩት ለካ ምንም አልነበረም። ያ ድምፅ በወንድሜ ጣት ሲወጣ ሌላ ነው። ክፍሉ ሞላ። አጠገቤ ያለው ሰው ከዓመታት በኋላ አፉን ከፍቶ የተናገረ ያህል ሆነብኝ። እሱ ግን ምንም አይሰማም። መስኮቱን እያየ፣ ጉልበቱን ሳጥኑ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ወትሮው ይጫወታል። ለአንድ አፍታ ጆሮ እንዲሰጠው ፈጣሪን የለመንኩት ያን ቀን ነው፤ ለአንዲት ዘፈን ብቻ፣ ለግማሿ።

እግሬ መኪናውን መርገጥ ተወ። የመኪናው ንዝረት ወለሉ ላይ ሲቆም ተሰማው መሰለኝ ዞረና አየኝ። እንባዬ የምሰፋው ቀሚስ ላይ ይወርዳል። እጁን ከጊታሩ አነሣ።

«ምን ሆንሽ? ምን ደረሰብሽ?»

ምንም አልኩት በእጄ።

«ይሄን ሁሉ ወር ይሄንኑ ስጫወት መኪናሽን ታንጫጪብኛለሽ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?» አለኝ። እየሳቀ ነው፣ ደስ ብሎታል፤ ሲያዳምጡት ደስ የሚለው ሰው ነበር። «ዛሬ ገና ሰማሽኝ?»

ከንፈሬን እንዲያነብ ፊቴን ወደሱ ቀና አደረግሁ። ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ፣ «አዎ። ይሄ ነው። ራሱ ነው» አልኩት።

«እሱንማ ያኔ ነግረሽኛል» አለኝና ወደ መስኮቱ ዞሮ ካቆመበት ቀጠለ።